ካታሎጋችንን የያዘው ፓተንት አይደለም

ጅማ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ስሠራ በየስብሰባው የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ይህን የፍለጋ ዘዴ ብንጠቀም የፈረንጅ ፓተንት አያስከስሰንም?» እስካሁን የያዝኩት ይህን ነው።

1. መጀመሪያ የራስን ሕግ ማንበብ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ፕሮግራም በአገራችን የሚጠበቀው በቅጂ መብት፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሰው ኮድ መገልበጥ ያስጠይቃል፤ ሐሳቡን ተረድቶ በራስ እጅ መጻፍ ግን ሌላ ነው።

2. ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ነው። የአሜሪካው ጅማ ድረስ አይመጣም፤ ወጪው ግን በምንገዛው ሶፍትዌር ዓመታዊ ክፍያ ውስጥ ተሸሽጎ ሊመጣ ይችላል። ሻጩ ለባለመብትና ለጠበቃ የሚከፍለውን ከኪሱ አያወጣም።

3. ጊዜው ያለፈበት ፓተንት ጥሩ መማሪያ ነው። ጽሑፎችን በቃል ብቻ ሳይሆን በይዘት ቅርበት የሚያገናኘው ዘዴ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር፤ ጉግል የተነሣበት የገጽ ደረጃ አሰጣጥ ደግሞ በ2001። የሁለቱም ዘመን አልፏል። ሰነዶቹ አሠራሩን ከነስሌቱ ያስረዳሉ፤ ማንበቡም በነፃ ነው።

4. ጊዜዬን የበላው ግን ፊደላችን ነው። የአጋሮና የሊሙ ቡና አምራቾችን ማኅበራት የሚያጠና ተማሪ «ህብረት ስራ» ብሎ ይፈልጋል። አንዱ መዝጋቢ «ኅብረት ሥራ» ብሎ አስገብቶታል፣ ሌላው «ሕብረት ሥራ»። ማሽኑ ሦስቱን አያዛምዳቸውም፤ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ልጁ የለም ብሎ ይወጣል፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው። ኒው ዚላንድ የተሠራውና እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኮሃ ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ውስጡን መክፈት ይቻላል። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ደንብ በፍለጋ ማውጫው ላይ ይጻፋል፤ ከነሰባት ቤታቸው። ሀና ሃም መገናኘት አለባቸው፣ ይህቺ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ከዚያ ማውጫውን እንደ አዲስ መገንባት ነው። መዝገቡ ላይ ያለው አጻጻፍ ግን አይነካ፤ የደራሲው ፊደል የደራሲው ነው። በቁቤ የተጻፉ የአፋን ኦሮሞ ርዕሶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፦ ሁዻን፣ በቃል መሃል የሚገባውን (') ምልክት፣ ማሽኑ እንደ ቃል መለያ ቆጥሮ አንዱን ቃል ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

5. ከፓተንት ይልቅ ስም ያጣላል። ይህን በቡና አገር ማስረዳት አይከብድም፤ የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ የንግድ ምልክት ጉዳይ ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኮሃም ኮዱ ነፃ ሆኖ ሳለ በስሙ የተነሣ ኒው ዚላንድ ውስጥ ሙግት ገጥሞታል።

6. ከሶፍትዌር ሻጮች ጋር ውል ሲፈረም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የፓተንት ክስ ቢመጣ ማን ይከፍላል? ውሉ ሲያልቅስ መዝገቦቻችንን በማርክ (MARC)፣ በቤተ መጻሕፍት የጋራ መዝገብ ፎርማት፣ ታስረክቡናላችሁ? የመጀመሪያውን ቶሎ ይመልሳሉ። ሁለተኛው ላይ «ከቢሮ ጠይቀን እንደውላለን» ይላሉ።