የሚያፈስ መስኮት

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ለሚኖር ሰው የዝናምን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። የአገራችን የሐምሌ ዝናም በነጐድጓድ ወርዶ ያባራል፤ የሲያትል ዝናም ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ቀስ እያለ ሲያካፋ ይውላል። እኛም ከአንድ የአገራችን ሰው ጋራ ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ የገዛነው በዚሁ ከተማ ነው። ጀልባይቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ከፋይበር ግላስ የተሠራች፥ በግራና በቀኝ በአሉሚኒየም ክፈፍ የተያዙ አራት የአክሪሊክ መስኮቶች ያሏት ናት።

በመጀመሪያው የዝናም ወራት ከመስኮቱ ሥር ያለውን ፍራሽ ረጥቦ አገኘነው። ነገሩን ሳንመረምር ከገበያ የገዛነውን ሲሊኮን በክፈፉ ዳር ለቀለቅንበት፤ ውሃው ግን በሌላ ስፍራ ብቅ አለ። እዚያም ለቀለቅን። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራችን ይኸው ነበር።

በመጨረሻም ሰለቸንና ልንሸጣት ቈረጥን። በአገራችን ክረምት በሚኾንበት በሐምሌ ወር በሲያትል ሰማዩ የጠራ ነው፤ ገዥ የሚጠራውም ያን ጊዜ ነው። ፍራሹን በፀሐይ አደረቅን፤ ውሃ ያጠቈረውን እንጨት በቀለም ሸፈንን። አንድ ቀን ወጣት ባልና ሚስት ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሰውዬው ሸራውንና ገመዱን መርምሮ፥ «ዝናም ያስገባል?» ሲል ጠየቀን። ባልንጀራችን እኛን ተመለከተ፤ እኛም ወለሉን ተመለከትን። «አያስገባም» የሚለው ቃል ከከንፈራችን ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሕፃኒቱ በዚያው መስኮት ሥር ካለው ፍራሽ ላይ ወጥታ ተጋድማ ነበርና፥ «ያስገባል፤ ሦስት ዓመት አስገብቷል» አልን። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ባልንጀራችን እስከ ማታ ድረስ አላነጋገረንም፤ ሲመሽ ግን፥ «እንግዲያውስ ነገ እንክፈተዋ» አለ።

ክፈፉን በነቀልን ጊዜ የደበቅነው ኹሉ ተገለጠ። በኹለቱ የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ያለው ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት በብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ በስብሶ፥ እንደ ረጠበ ዳቦ በጣት ይፈረፈር ነበር። ምክንያቱንም ያን ጊዜ ተረዳን፤ አክሪሊክ በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲኰማተር ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በእርጅና የደረቀው ማሸጊያ ይህን መከተል ተስኖት ይሰነጠቃል፤ ውሃውም በስንጥቁ ገብቶ፥ ከገባበት ርቆ ይንጠባጠባል። የለቀለቅነው ሲሊኮንም ሌላ ማሸጊያ እንዳይጣበቅ የሚከለክል ስለ ኾነ፥ እርሱን ፍቆ ማጥፋት ብቻ አራት ቅዳሜ ፈጀብን።

ከዚህ በኋላ የበሰበሰውን ቈፍረን አወጣን፤ የቀረውን አድርቀን ጕድጓዱን በኤፖክሲ ሞላን። አዲሱን አክሪሊክ የሚለጠጥበት ቦታ እንዲያገኝ ከክፈፉ ጥቂት አሳንሰን ቈረጥነው። ክፈፉንም ቡቲል በሚባለው፥ ብዙ ዘመን እንደ ሊጥ ለስላሳ ኾኖ በሚቈይ ማሸጊያ ላይ አስቀምጠን፥ ብሎኖቹን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አጠበቅን፤ በአንድ ጊዜ በኀይል ያጠበቁት እንደ ኾነ ማሸጊያው ኹሉ ተጨምቆ ይወጣልና። በመጨረሻም የውሃ ጎማ ይዘን ከታች ወደ ላይ እያጠጣን ፈተንነው፤ ከላይ ቢጀምሩ ውሃው ኹሉን ስለሚያረጥብ የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም።

የጥቅምት ዝናም በጀመረበት ሌሊት ኹለታችንም በጀልባይቱ አደርን። ባልንጀራችን በየሰዓቱ እየተነሣ እንጨቱን በመዳፉ ይዳስስ ነበር፤ ሲነጋም፥ «ደረቅ ነው» ብሎ እጁን አሳየን። ለዚያ ሰው ስልክ ብንደውልለት ሌላ ጀልባ ገዝቶ ቈይቷል፤ ነገር ግን፥ «እናንተ እውነቱን ስለ ነገራችሁኝ፥ ይህኛውን ሳልገዛ አስቀድሜ መስኮቱን በውሃ ፈተንሁ» አለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው ነበር፤ ለማመን ግን አንዲት ሕፃን በዚያ ፍራሽ ላይ እስክትጋደም ድረስ መቈየት ነበረብን። ጀልባይቱም ዛሬ ድረስ አልተሸጠችም።