ምልክት የሌለው ዕንቁላል

መቼስ ተማሪ ሲሰባሰብ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሆድ ነው። እኛም አራት ሆነን ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር አንዲት የጓሮ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ከየኪሳችን አዋጥተን አምስት የሐበሻ ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ገዛን። ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። ጾም ነውና ዕንቁላሉን የሚበላው የለም፤ ገበያውም ቀዝቅዟል፤ ተጠራቀመብን።

በዚህ መካከል ገብስማዋ ዶሮ ከጎጆዋ አልነሳም አለች። እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ በአፏ ትወጋለች። አከራያችን እማማ አዩና፣ «ልጆቼ፣ መታቀፍ አምሯታል። ካስታቀፋችኋት ማታ ለብቻዋ ጨለም ያለ ቦታ አድርጓት፤ ዕንቁላሉንም በከሰል ምልክት አድርጉበት» አሉን።

ምልክት! ዘወር ብለን ሳቅን። ቀለም የቆጠርን ሰዎች ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል መቁጠር ያቅተናል እንዴ? በደብረ ዘይት ዕለት ማታ፣ እዚያው ከሌሎቹ ጋር በምታድርበት ቆጥ ሥር 12 ዕንቁላል አስታቀፍናት።

ገብስማዋ በቀን አንዴ ጥሬ ለመልቀምና ውሃ ለመጠጣት ትነሳለች። ይኼኔ ሌሎቹ ገብተው እዚያው ይጥላሉ። በሳምንቱ ብንቆጥር 17 ሆነዋል። ኧረ ደስታችን! አንዱ ጓደኛችን ደብተሩን አውጥቶ ለገና የምንሸጣቸውን ዶሮዎች ዋጋ ደመረ። ዕንቁላሉ ከክንፏ ሥር ተርፎ ከዳር ሲቀዘቅዝ ግን ልብ ያለ አልነበረም።

ሃያ አንደኛው ቀን ሆሳዕና ዋለ። የዘንባባ ቀለበታችንን እንዳጠለቅን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጫጩት ሲጮህ ሰማን። እስከ ማታ ስምንት ተፈለፈሉ። ማክሰኞ ጠዋት ገብስማዋ ስምንቱን አስከትላ ወጣች። ዘጠኙ ዕንቁላል ቀረ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» አልን። ይዘን ብንመልሳት እየጮኸች ወደ ልጆቿ ሮጠች። ማታ ዕንቁላሉ በረዶ ሆነ። አንዱን ሰበርነው፤ የገማ ነው። ሁለተኛውን ስንሰብር ሁላችንም ዝም አልን። ጫጩቱ ላባ አብቅሏል፣ አስኳሉ ግን ገና ሆዱ ውስጥ አልገባም። እግሩን አንዴ አንቀሳቀሰና ቀረ። እንዲህ ያሉ አራት አገኘን። ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቀበርናቸው።

እማማ አልተቆጡንም። «እሷ ምን ታድርግ? የተፈለፈሉትን ታብላ እንጂ» ብቻ አሉን።

እውነት ነው። ጫጩት በሆዱ ይዞት በሚወጣው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ካላወጣችው ይራባል። ዘግይቶ የተጣለው ዕንቁላል ደግሞ የራሱን ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል። አንዲት እናት ሁለቱን ልትጠብቅ አትችልም። ምርጫውን ከእሷ ላይ ማንሳት የእኛ ሥራ ነበር፤ እኛ ግን የዕንቁላሉን ቁጥር እንጂ ዕድሜውን አልቆጠርንም።

በዓመቱ ገብስማዋ እንደገና ታቀፈች። ማታ በፋኖስ ወደ ክፍላችን ጥግ አዛወርናት፤ 11 ዕንቁላል፣ ሁሉም ከሰል የነካው። ዘጠኙ በአንድ ቀን ወጡ። እማማ መጥተው ቆጠሩና ጣታችን ላይ ያለውን ጥላሸት አይተው ሳቁ። በዚህኛውስ እኛም አብረናቸው ሳቅን።