ገዢ ያጣው መድፍ

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ በባግዳድ ከተማ ሰፊ የጦር መሣሪያ ትርዒት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ስምንት ዓመት ያህል የፈጀው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በተኩስ ማቆም ከበረደ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ኢራቅ ከዚያ ጦርነት የወጣችው እጅግ ብዙ ልጆችዋን ቀብራና ከባድ ዕዳ ተሸክማ ነው። ሆኖም መንግሥትዋ ሐዘኑን በጓዳ አስቀርቶ፣ ከእንግዲህ ወዲያ መሣሪያ ገዢ ብቻ ሳትሆን ሠርታ የምትሸጥ አገር መሆንዋን ለዓለም ለማሳየት ደገሰ።

ከተደረደረው ሁሉ የጐብኚን ዐይን ከሩቅ ይጠራ የነበረው በስድስት ትላልቅ ጐማዎች ላይ የተቀመጠ፣ ክብደቱ 48 ቶን፣ አፈሙዙ 11 ሜትር ያህል ወደ ፊት የተዘረጋ፣ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ መድፍ ነበር። ስሙ አል ፋው ይባላል። አሠሪዎቹ በሰጡት መግለጫ መሠረት የጥይቱ ውፍረት 210 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 109 ኪሎ ግራም፣ የሚደርስበት ርቀት 57 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መድፉ በደቂቃ አራት ጊዜ ይተኩሳል፤ በጥርጊያ መንገድም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከጐኑም መጅኑን የተባለው ታናሹ፣ ባለ 155 ሚሊ ሜትሩ፣ ቆሞ ነበር።

መድፍ በጥንቱ ልማድ በሰው ጉልበትና በጋማ ከብት፣ ኋላም በካሚዮን እየተጐተተ ወደ ጦር ሜዳ ይወሰድ ነበር። ይህ ዓይነቱ መድፍ ከተኮሰ በኋላ ዐይነ ስውር ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠላት የተኩሱን ምንጭ አስልቶ እስኪመልስበት ድረስ ወታደሮቹ ነቅለው፣ ከካሚዮን ጋር አያይዘው ለመሸሽ ጊዜ ያጥራቸዋል። መድፉን ከነተኳሾቹ በሞተርና በብረት ልብስ ላይ የማስቀመጡ ብልሃት የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይተኩሳል፣ ጠላት ሳይመልስለት ቦታ ይለውጣል። አያሌ አገሮች ለዚህ ሥራ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ አካል ሲመርጡ፣ አል ፋውና መጅኑን በጐማ ተሠሩ፤ ለበረሃና ለረጅም አውራ ጐዳና ጐማ ፈጣን ነው፤ ጥገናውም ይቀላል።

ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፋው በሻት አል ዐረብ ወንዝ መውጫ ላይ ያለ ልሳነ ምድር ነው። ኢራን በ1986 ያዘችው፤ ኢራቅ በሚያዝያ 1988 በሁለት ቀን ውጊያ አስለቀቀችው። መጅኑንም በደቡብ ኢራቅ ረግረግ ውስጥ የሚገኝ የነዳጅ ሥፍራ ሲሆን በ1984 ተይዞ በሰኔ 1988 ተመልሷል። በሁለቱም ድሎች የመርዝ ጋዝ ድርሻ ነበረው። ቃሉ በዐረብኛ ያበደ፣ ጂኒ የሰፈረበት ማለት ነው፤ ሥፍራው እንዲህ የተባለው የነዳጁ ብዛት ከልክ አልፎ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ አንድን መድፍ «እብዱ» ብሎ መሰየም ሰያሚው ካሰበው በላይ እውነት የተናገረበት አጋጣሚ ይመስላል።

የሁለቱ መድፎች ንድፍ የወጣው ከብራስልስ ነው፤ የነዳፊውም ስም ጄራልድ ቡል ይባላል። ቡል በ1928 በካናዳ፣ በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፣ ኖርዝ ቤይ በተባለች ከተማ ተወለደ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት፤ አባቱም ልጆቹን ለዘመድ አከፋፍሎ ስለ ራቀ አክስቱ አሳደገችው፤ ትምህርቱንም በየሱሳውያን አዳሪ ትምህርት ቤት ቀጠለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ሲያገኝ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያም በኩቤክ አጠገብ በሚገኘው የካናዳ መከላከያ የምርምር ጣቢያ ገባ። ጣቢያው የአየርን ግፊት ለመመርመር የሚያስችል ውድ የነፋስ ዋሻ ለመሥራት ገንዘብ አጥሮት ነበርና፣ ቡል አንድ ቀላል መላ መታ፤ ነፋሱን በቆመ ምስል ላይ ከማስነፈስ ይልቅ ምስሉን ራሱን በመድፍ አፍ ከትቶ ወደ ቆመው አየር ይተኩሰው ጀመር። በሽሽት ላይ ያለውን ምስል ፎቶ እያነሣ ይመረምር ነበር። የዕድሜ ልክ ፍቅሩ ከዚህ ተወለደ።

በመድፍ ይህን ያህል ፍጥነት ከተገኘ፣ መድፍ ለምን ወደ ጠፈር አይተኩስም? የቡል ጥያቄ ይህ ነበር። ሮኬት በአንድ ጉዞ ራሱን የሚያቃጥል ውድ ዕቃ ነው፤ መድፍ ግን ዛሬ ተኩሶ ነገም ይተኩሳል። በ1961 በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር፣ በካናዳና በአሜሪካ መንግሥታት ድጋፍ ሥራው በባርባዶስ ደሴት ተጀመረ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተገኙ ሁለት ባለ 406 ሚሊ ሜትር የጦር መርከብ አፈሙዞች ጫፍ ለጫፍ ተበይደው ርዝመታቸው 36 ሜትር ሆነ። ወደ ሰማይ የሚወረወሩት ቀስት መሰል ጥይቶች ማርትሌት ተባሉ፤ ማርትሌት በዩኒቨርሲቲው አርማ ላይ ያለች፣ እግር የሌላት ወፍ ናት። በኅዳር 1966 በአሪዞና፣ በዩማ የሙከራ ሜዳ ከተተከለው ሌላ መድፍ የተተኰሰችው ማርትሌት 180 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጣች። በመድፍ ከተተኰሰ ማናቸውም ነገር ከዚህ በላይ የወጣ አልታወቀም።

በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ ተቋረጠ። ቡል ከዚያች ዕለት ጀምሮ መንግሥትንና ጽሕፈት ቤትን አምርሮ የሚጠላ ሰው ሆነ፤ የሚያውቁት ሁሉ የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። መሣሪያዎቹን ሰብስቦ በካናዳና በአሜሪካ ወሰን ላይ የራሱን ኩባንያ አቋቋመና የጠፈሩን ዕውቀት ወደ ምድር አወረደው፤ ማለትም ሸጠው።

ምን ነበር የሸጠው? ነገሩ ለሥነ ጥበብ ሰው ሊገባ የሚችል የቅርጽ ነገር ነው። የዚያን ጊዜው የመድፍ ጥይት ወገቡ እንደ እንስራ ወፍራም፣ አፍንጫው አጭር ነበር፤ ወገቡ እንዲህ የሆነው በአፈሙዙ ውስጥ ሲሄድ እንዳይዋልል ግድግዳውን ይዞ እንዲጓዝ ነው። ነገር ግን ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ያ ወፍራም ወገብ አየርን እየገፋ ፍጥነቱን ይበላዋል። ቡል ጥይቱን ከወገቡ ጀምሮ እስከ አፍንጫው እንደ ጦር አሹሎ አረዘመው፤ በአፈሙዙ ውስጥ እንዳይዋልልም በትከሻው ላይ አራት ትናንሽ ጉብታዎች አበጀለት። ሌላም ችግር ነበር። የሚበር ጥይት ከኋላው አየር የሳሳበት ባዶ ሥፍራ ይተዋል፤ ያ ባዶ ሥፍራ የማይታይ ገመድ ያህል ወደ ኋላ ይጐትተዋል። ለዚህ መፍትሔው በጥይቱ መቀመጫ ላይ ቀስ እያለ የሚነድ ቅመም ማስቀመጥ ነው፤ ከሚነደው የሚወጣው ጋዝ ጥይቱን አይገፋውም፤ ባዶውን ሥፍራ ይሞላዋል፤ ገመዱም ይላላል። ሐሳቡ የስዊድናውያን ሲሆን፣ ቡል ከራሱ ቅርጽ ጋር አጋባው። በዘመኑ ታዋቂ የነበረው የአሜሪካ ባለ 155 ሚሊ ሜትር ተንቀሳቃሽ መድፍ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ጂ ሲ 45 የተባለው የቡል መድፍ በአዲሱ ቅርጽ ብቻ 30፣ በሚነደው መቀመጫ ደግሞ 39 ኪሎ ሜትር ተኮሰ።

ይህን ጥይት ያየ መሐንዲስ ውበቱን ሊክድ አይችልም። ውበቱን ከማድነቅ ጋር ግን ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይገባል። የመጀመሪያው ታላቅ ደንበኛ የአፓርታይድ መንግሥት ነበር። ደቡብ አፍሪቃ በ1975 አንጐላ ገብታ በሶቪየት ሠራሽ መድፎችና ሮኬቶች በርቀት ተበልጣ ስለ ተመለሰች ረጅም እጅ ትሻ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በኅዳር 1977 የመሣሪያ ሽያጭ ማዕቀብ ሲጥል፣ የቡል ጥይቶች ግን በምዕራብ ህንድ ደሴቶች፣ በአንቲጓ በኩል ወደ ኬፕ ታውን ይጓዙ ነበር። ቡል በ1980 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኖ ታሰረ። ያሰረው መንግሥት ባለሥልጣኖች ራሳቸው ሽያጩን በሹክሹክታ ፈቅደውልኛል እያለ እስከ ዕለተ ሞቱ ያማርር ነበር፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን በ1987 በደቡብ አንጐላ፣ በኩይቶ ኩዋናቫሌ ዙሪያ የቡል ልጆች የሆኑት ጂ 5 መድፎች እሳት ባዘነቡባቸው አንጐላውያንና ኩባውያን ዘንድ ማን ለማን እንዳንሾካሾከ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከእስር ወጥቶ ወደ ብራስልስ ተሰደደ። የመድፉን ንድፍ የያዘው የኦስትሪያ ፋብሪካ፣ ኖሪኩም፣ ለኢራቅ በዮርዳኖስ በኩል፣ ለኢራንም በሌላ አገር ስም ሸጠ። በአንድ ጦርነት ውስጥ በሁለቱም ምሽግ የአንድ ሰው ሥራ ቆመ ማለት ነው። ለተዋጊ አገሮች መሣሪያ መሸጥ በኦስትሪያ ሕግ የተከለከለ ነበርና የፋብሪካው ኃላፊዎች በኋላ ተከሰው ተፈረደባቸው። ቻይናም ዕውቀቱን ከቡል ገዝታ የራስዋን መድፍ ሠራች። ገንዘብ አፍቃሪ ነበር የሚሉት ሰዎች ግማሹን ብቻ ያዩ ይመስላል። ገንዘብማ በእጁ ሲገባ ወዲያው ወደ ሙከራ ይለውጠው ነበር። ሰውዬው የሚፈልገው የሚያስተኩሰውን ጌታ ነው፤ የጌታው ማንነት ግን በስሌቱ ውስጥ የማይገባ ቁጥር ነበር።

በ1988 ያን ጌታ በባግዳድ አገኘ። ኢራቅ ባቢሎን የተባለውን፣ አፈሙዙ 156 ሜትር፣ ቀዳዳው አንድ ሜትር የሆነውን የጠፈር መድፍ ለማሠራት ተስማማች፤ በጐንም አል ፋውና መጅኑን ተነደፉ። እንግዲህ በትርዒቱ የቆሙት ሁለት መድፎች፣ ለነዳፊያቸው የዕለት እንጀራ፣ ለትልቁ ሕልም ደግሞ እጅ መንሻ ነበሩ ማለት ያስደፍራል።

አል ፋው ለምን ማንም ሳይታጠቀው ቀረ? መልሱ ከፊሉ በመድፉ በራሱ ውስጥ አለ። መድፍ ብቻውን አይዋጋም፤ ጥይቱን የሚቀልብ ፋብሪካ ይሻል። ባለ 155 ሚሊ ሜትር ጥይት ግማሹ ዓለም ይሠራዋል፤ ባለ 210ን ግን ሌላ የሚሠራ አልነበረም፤ ስለዚህ ገዢው መድፉን ሲገዛ ፋብሪካውንም አብሮ መግዛት ነበረበት። 109 ኪሎ የሚመዝን ጥይት በሰው ክንድ አይጐርስም፤ በማሽን እንጂ፤ ማሽኑ በአሸዋ መካከል አንድ ቀን እምቢ ካለ መድፉ ዝም አለ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ 57 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለውን ዒላማ ማን ያያል? ረጅም እጅ ያለ ረጅም ዐይን ጨለማን መደብደብ ነው። የኢራቅ መድፈኛ ይህን በ1991 መጀመሪያ ላይ በመራራው ተማረ፤ በርቀት ከተባባሪዎቹ ጦር መድፎች የሚልቁ የቡል ዘር መድፎች እያሉት፣ ሰማዩን ተነጥቆ፣ ዐይኑን ታውሮ፣ ባለበት ተደበደበ።

ቀሪው መልስ በታሪክ ውስጥ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1990 ቡል በብራስልስ፣ ኡክል በተባለው ሠፈር ወደ መኖሪያው ሲገባ ድምፅ በታፈነበት ሽጉጥ በአምስት ጥይት ተገደለ። በያዘው ቦርሳ 20 ሺህ ዶላር ያህል ነበረ፤ ማንም አልነካውም። ገዳዩ አልታወቀም፤ ብዙዎች ጣታቸውን ወደ እስራኤል የስለላ ድርጅት ቢቀስሩም የተረጋገጠ ነገር የለም። በሚያዝያ የእንግሊዝ ጉምሩክ በቲስፖርት ወደብ የባቢሎንን ቱቦዎች ያዘ፤ በወረቀታቸው ላይ የነዳጅ ፋብሪካ ቧንቧ ተብለው ተጽፈው ነበር። በነሐሴ ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ በቀናት ውስጥ ማዕቀብ ተጣለባት፤ መሸጥም መግዛትም አበቃ። በስድስት ጐማ የሚሄደው የደቡብ አፍሪቃ ጂ 6፣ ያውም ከዚያው ከቡል ጥይት የተወለደው፣ 155ን ስላልተወ በዩናይትድ አረብ ኢሚሬትስና በኦማን ገዢ አገኘ። አል ፋው ግን ናሙና ሆኖ ቀረ።

የባቢሎን ቱቦዎች ጥቂቶቹ በደቡብ እንግሊዝ፣ በፖርትስመዝ አጠገብ ባለ የድሮ ምሽግ ለጐብኚ ቆመዋል። የባርባዶሱ መድፍ ደግሞ ከተተወ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ማንንም ያልገደለው ያ አፈሙዝ በባሕሩ ዳር፣ በቁጥቋጦ መካከል እንደ ተጋደመ ነው፤ የባሕሩ ጨው ብረቱን ቅርፊት በቅርፊት እየላጠው ነው።