በቃል የተያዘ መክፈቻ



የእህቴ ልጅ ቼዝ ይወዳል። አንድ ቀን ደሴ እኛ ቤት በስልኩ ሲጫወት አይቼ «ተው፣ ሐራም ነው» አልኩት። «አጎቴ፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ነው የደገምኩለት፤ ኪታብ ገልጬ አላየሁም።

ያን ማታ ገለጥኩ። ዑለሞቻችን ተለያይተውበታል፤ ብዙዎቹ ከልክለውታል። በሻፊዒያ መዝሀብ የታወቀው ግን ቁማር ከሌለበትና ከሶላት ካላዘናጋ መክሩህ እንጂ ሐራም አይደለም የሚለው ነው። ሁለቱንም ሳልደብቅ ነገርኩት። «እንግዲያው ኮምቦልቻ ውድድር አለብኝ፤ አብረን እንሂድና ሶላት አስታውሰኝ» አለኝ።

ቅዳሜ ዝሁር ሰግደን ወረድን። በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ፣ ደረሳ መትን እንደሚያሰማ፣ የጣልያን መክፈቻ የሚሉትን በቃሉ አሰማኝ፦ ወታደር ወደ መሀል፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ቢሾፕ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወታደሩን ገፋ፣ ፈረሱን አወጣ። ተጋጣሚው ግን የተጠቃ ወታደሩን በመከላከል ፈንታ በሌላኛው ፈረስ የኛን ልጅ ወታደር አጠቃ። የኛው እንዳጠናው ቢሾፑን አወጣ። ወታደሩ ተበላ። ከዚያ በኋላ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሰዓቱን በማሰብ ጨረሰና ተሸነፈ።

ዐስርን በጀመዓ ሰግደን ስንመለስ አንገቱን ደፍቶ «መክፈቻውን እኮ አልሳትኩም» አለ። ያነበብኩትን አጫወትኩት። ሰንጠረዥ የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አቡ በክር አስ-ሱሊ ስለ ጨዋታው ኪታብ ጽፏል። የዐረብ ተጫዋቾች የመክፈቻውን አሰላለፍ «ተዕቢያ» ይሉት ነበር፤ የጦር አሰላለፍ ማለት ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። እዚያ ላይ በቃል የያዝከው ብቻውን አያድንህም፤ የተጋጣሚህን እጅ ማየት አለብህ።

«አየህ፣» አልኩት፣ «መትኑን ይዘሃል፣ ሸርሑን አልቀራህም። ቢሾፑ ለምን እንደሚወጣ ብታውቅ ኖሮ፣ መቼ እንደማይወጣም ታውቅ ነበር።»

ፈገግ አለ። «እንዳንተው ፈትዋ» አለኝ።

ደሴ እስክንደርስ ሳቅን። እውነቱን ነው። ወጣቶች «ለምን?» ሲሉን የምንቆጣው ብዙ ጊዜ መልሱን ስለማናውቀው ነው። እናንተም በአደብ ጠይቁን፤ እኛም ካላወቅን «አላውቅም፣ ልይልህ» እንበል።

ወላሁ አዕለም።