ወድቆ መነሣት

ልጃችን ከቢስክሌት ወድቆ ክንዱ በተሰበረ ጊዜ ቢስክሌቱን ለመሸጥ ቈርጠን ነበር። ከዚህ አሳብ የመለሰን የኮሎምቢያው ተወላጅ የኤጋን በርናል ታሪክ ነው።

ይህ ሰው ያደገው ዚፓኪራ በምትባል፥ በጨው ማዕድኗ በታወቀች የደጋ ከተማ ነው፤ አባቱ ዘበኛ፥ እናቱም የአበባ እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ የፈረንሳይን ዙር አሸንፎ ቢጫውን የድል ሸሚዝ ለበሰ፤ ከደቡብ አሜሪካ ሰዎችም ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በ2021ም የኢጣልያን ዙር አሸነፈ።

ነገር ግን በ2022 በጥር ወር በአገሩ ሲለማመድ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተጋጨ፤ ወደ 20 የሚጠጉ አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ አከርካሪውም ስለ ተጐዳ ሽባ ሆኖ ለመቅረት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተመልሶ ለውድድር ቀረበ፤ በ2023 የፈረንሳይን ዙር 36ኛ ሆኖ ፈጸመ፤ በ2025ም በእስፓኝ ዙር የአንዱን ቀን ውድድር አሸነፈ።

እኛስ ከቢጫው ሸሚዝ ይልቅ ያችን 36ኛነት አከበርናት። ወላጅ ልጁ ከቶ እንዳይወድቅ ሊጠብቀው አይችልም፤ ወድቆ ሲነሣ ግን ከአጠገቡ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የልጃችን ክንድ በዳነ ጊዜ ፍሬኑን አሳድሰን፥ ራሱን የሚጠብቅለት ቆብም ገዝተን ቢስክሌቱን መለስንለት። እርሱ ሳይፈራ ወጣ፤ ኮርቻውን ይዞ ለመልቀቅ የዘገየው የእኛው እጅ ነበር።