እናቴ ያቃጠለችው ደብተር

አዘጋጆቹ «በራሳችሁ ሕይወት የደረሰ ነገር ጻፉ» ባሉን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ስለ ፍቅር ወይም ስለ መጀመሪያ ቀን የግቢ ሕይወት እንደምትጽፉ ገምቻለሁ። ይቅናችሁ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር ነው። ደብተሩ አሁን የለም፤ ከሰል ላይ ነዷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። አንድ ሰው ተረቱን ይመራል፣ ሌሎቻችን በተረቱ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነን እንገባለን፣ የሞከርነው ነገር መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ባለ 20 ገጽታ ዳይስ ይወስናል። እኛ ከመሪያችን ጋር አምስት ነን። መሪያችን የሞጆ ልጅ ነው፤ መጽሐፎቹን አሜሪካ ያለች እህቱ ናት የላከችለት። ሌላው በየቅዳሜው ከወንጂ ይመጣል። ካርታችን የራሳችን ስምጥ ሸለቆ ነው። ሽፍቶቹ ቆቃ ዳር አሉ፣ ዘንዶው ፈንታሌ ተራራ ላይ ነበር። «ነበር» ያልኩት በ2017 ዓ.ም. እዚያ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና ሰዎች ከቀያቸው ሲነሱ መሪያችን ምንም ሳንለው ዘንዶውን ስላነሳው ነው። መተሐራ ዘመድ ያለው ልጅ መካከላችን አለ።

የኔ ሰው አስማተኛ ነው። ስሙን ለመተርጎም ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። «ጠንቋይ» አልን፤ ጠንቋይ ሰው ተደብቆ የሚሄድበት ነው፣ አይሆንም። «ደብተራ» አልን፤ ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ እሱም አይሆንም። «አስማተኛ» ላይ ተስማማን። በኋላ እንደምታዩት ግን ቃሉን ማሳመር ብዙም አልጠቀመኝም።

ይህ አስማተኛ እንደ ሌሎቹ ከኋላ ቆሞ እሳት የሚወረውር ዓይነት አይደለም። ጎራዴ ይዞ ፊት ለፊት ይገባል። እብደት ነው እኮ! በጨዋታው ሕግ አስማተኛ ከሁሉም ደካማው አካል ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ የነበረኝ የሕይወት ነጥብ 17 ብቻ ነበር። የጭራቅ ዱላ አንዴ ካረፈ ከ6 እስከ 20 ነጥብ ይወስዳል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ መጥፎ ምት በቂ ነው።

መጀመሪያ ይህ አልገባኝም ነበር። ከዚህኛው በፊት የነበረውን ሰውዬዬን በሚያቃጥልና በሚፈነዳ ድግምት ብቻ ሞላሁትና ገና በሁለተኛው ተራ ወደቀ። የወንጂው ልጅ ሬሳዬን እየጎተተ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። አዲስ ሰው ስሠራ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በአንድ ተራ ያለህ አንድ ዋና ድርጊት ነው። ያንን ለጎራዴው ካዋልከው ለአስማት ምን ቀረህ? ስለዚህ ዋናውን ድርጊት የማይሻሙ ድግምቶችን መፈለግ አለብህ። ጠዋት ተደርጎ 8 ሰዓት የሚቆይ አለ፤ እኛ «ጥሩር» ብለነዋል። ጠላት ከመታህ በኋላ እንደ ማርከፊያ የሚጠራ አለ፤ እሱ «ጋሻ» ነው። በቅጽበት 30 ጫማ ዘለህ የምታመልጥበት «የጉም እርምጃ» አለ። በተለይ መጠንቀቅ ያለብህ «ሐሳብን መሰብሰብ» የሚጠይቁትን ነው። እነሱን ይዘህ በተመታህ ቁጥር ዳይስ ትጥላለህ፣ ካልቀናህ ድግምቱ ይበተናል፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ደግሞ መመታቱ አይቀርም። «መልከ ብዙ» ያልነውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሦስት አምሳያዎችህን አጠገብህ ያቆማል፤ ሐሳብ መሰብሰብም አይፈልግም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ቁጥር የምትጠሉ ዝለሉት። ያለ ምንም ድግምት መከላከያዬ 13 ነው፤ ጭራቁ ከ20 ዕድል በ14ቱ ያገኘኛል። ጥሩር ስለብስ 16፣ በ11ዱ። የጎራዴ ዜማ የሚባለውን ችሎታ ሳክልበት 19፣ በ8ቱ። ጋሻ ስጠራ 24፣ በ3ቱ ብቻ። እሳት መወርወር ያምራል፣ ያስጨበጭባል። እኔን ግን ያቆመኝ ይህ ከ14 ወደ 3 መውረድ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዚያ ደብተር ላይ ነበር። አስማተኛ የድግምት መጽሐፍ አለው፤ ያለኝ 10 ድግምት ሲሆን በየቀኑ ከነሱ 6ቱን ብቻ አዘጋጃለሁ። እውነተኛ እንዲመስል ብዬ በአማርኛ፣ በቀይ እስክሪብቶ ርእስ እየሰጠሁ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ደግሞ፣ ጉድ ፈላ፣ «አገልጋይ መንፈስ መጥሪያ» የሚለው ነበር። በጨዋታው ጉጉት ወይም ድመት ወይም ሌላ ትንሽ እንስሳ ሆኖ የሚረዳህን የሚያመጣ ድግምት ነው። የሚያስፈልገውንም ጽፌያለሁ፦ ከሰል፣ ዕጣን፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ዋጋው 10 ወርቅ፣ በናስ ማንደጃ የሚቃጠል። ይህን ያሰቡት አሜሪካኖች ናቸው ቢባል እናንተስ ታምናላችሁ?

እናቴ ፍራሼን ልታራግፍ ስታነሳ አገኘችው።

ሦስት ቀን ምንም አላለችኝም። ጠበል ግን ራስጌዬ ተቀምጦ አየሁ። በአራተኛው ቀን ከክፍል ስመለስ ምድጃው ፊት ተቀምጣለች፣ የደብተሩ ሽፋን ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።

«ያጎትህን አላየህም?» አለችኝ።

አጎቴ መቂ አካባቢ ገበሬ ነበር። ልጁ ሲታመምበት ወደ አንድ አዋቂ ቤት ተመላለሰ፣ ሁለቱን በሬዎቹን ሸጠ፣ ልጁም አልተረፈም። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ግን እያንዳንዱን ብር ታውቀዋለች፤ ከቁርስ ቤቷ እየቆጠረች የላከችው ነበረበት።

«እማዬ፣ ጨዋታ ነው» አልኳት።

«የት ነው የምትጫወተው?»

እዚህ ላይ ነው የታነቅሁት። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ «የቡድን ሥራ አለን» እያልኩ ነበር የምወጣው። የታክሲውንም ሁልጊዜ የምትሰጠኝ እሷ ናት። ሳልዋሽ ብነግራት ምናልባት ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ዳይስ ለመጣል ነው የምሄደው ማለት አፈርኩ። እኛ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ እውነተኛ ዘገባ ፈተና ስንፈተን የኖርን ልጆች ነን፣ እና እኔ እቤቴ በየሳምንቱ ሐሰተኛ ዜና እሠራ ነበር።

«የቡድን ሥራ አልነበረም» አልኳት።

«ዓመት ሙሉ?» አለች። ስለ መንፈሱ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ስለ ቅዳሜዎቹ ግን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፦ አያትህ የታመመች ዕለትስ? የቤት ኪራይ ያጠረን ዕለትስ? የመለስኩላት ሁሉ «አዎ፣ እዚያ ነበርኩ» ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁ። መሪያችን ግን አልሳቀም። «እንግዲህ የሰውዬህም መጽሐፍ ተቃጥሏል» አለ። ተከራከርኩ፣ ጮህኩ። መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ መጽሐፉ የጠፋበት አስማተኛ በአዲስ መጽሐፍ መልሶ መጻፍ የሚችለው በዕለቱ አዘጋጅቷቸው የነበሩትን ብቻ ነው። ለያንዳንዱ የድግምት ደረጃ 1 ሰዓትና 10 ወርቅ ይፈጃል። ጥሩር፣ ጋሻ፣ እንቅልፍ፣ እሳትና ብርድ መመከቻ፣ መልከ ብዙ፣ የጉም እርምጃ፤ እነዚህ ስድስቱ ተረፉ። 80 ወርቅ። ባዶው መጽሐፍ ራሱ 50። በኪሴ 90 ነበረኝ፤ 40ውን ያበደረኝ ያ ሬሳዬን የጎተተው የወንጂ ልጅ ነው። የጠፉት አራቱ የእሳት እጅ፣ የብርሃን ፍላጻ፣ አስማት መለያና አገልጋይ መጥሪያው ነበሩ። ለሁለቱ እሳታሞች አላዘንኩም። የቆጨኝ አገልጋዩ ነው፤ ያለ ዝግጅት ከመጽሐፉ እየተነበበ ስለሚሠራ በዝግጅት ዝርዝሬ አስገብቼው አላውቅም ነበር።

አራተኛ ደረጃ ስደርስ ሁለት አዲስ ድግምት እንድመርጥ ተፈቀደልኝ። አንዱን ወዲያው ወሰንኩ። ሁለተኛውን ባዶ ትቼ አዲሱን ደብተር ይዤ ማታ ወጥ ቤት ገባሁና ለእናቴ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላት። ጋሻው ላይ «ይኸስ ጥሩ ነው» አለች። ስለ አገልጋዩም ነገርኳት፤ ጠላት አጠገብ ሄዶ ሲያደናግርልኝ ሁለት ዳይስ ጥዬ የተሻለውን እንደምወስድ፣ ከሁሉም የሚሻለው ጉጉት እንደሆነ፣ ምክንያቱም ጉጉት ደርሳ ስትመለስ ማንም እንደማይመታት።

«ጉጉት?» አለች። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሌላ ወፍ የላቸውም?»

ጭልፊት አለ አልኳት። ጭልፊት ግን ሲመለስ ይመታል፤ ያለው የሕይወት ነጥብም 1 ነው። ይህንንም ነገርኳት። ጭልፊት ብዬ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቆቃ ዳር አንድ ሽፍታ በጎራዴ ቀላት። ማታ ስገባ እናቴ «ወፏስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሞተች።»

«ስንት ወጣባት?»

«አሥር ወርቅ። ጉጉት ብትሆን ትተርፍ ነበር።»

«ትሙታ! ጉጉት ቤቴ አትገባም» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።