ይለመዳል?

አዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ የገባለት ሰው ለሚያሰማው ስሞታ ሁሉ «ይለመዳል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አፍ እንግዳውን እንደ ጉርሻ ስለሚቆጥረው በመጀመሪያው ሰሞን ምራቅ ይበዛል፣ «ሰ» እና «ሸ» ይንሻፈፋሉ፤ ይህ በሳምንታት ይስተካከላል። የላይኛው በስስ ምራቅ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ የታችኛው ግን ጠባብ ድድ ላይ ተቀምጦ ምላስ በገፋው ቁጥር ስለሚነሳ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁስል ግን አይለመድም። የምስር ፍሬ የምታህል፣ ዙሪያዋ የቀላ ነጭ ነጥብ ድድ ላይ ከታየች ጥርሱ እዚያ እየተጫነ ነው፤ መፍትሔዋ ሐኪሙ የሚሞርደው ጥቂት ፕላስቲክ ነው።

«ለክቶ ሠርቶት የለም እንዴ?» ይባል ይሆናል። ለክቷል፤ የለካው ግን ዝም ያለ አፍ እንጂ ቆሎ የሚቆረጥም አፍ አይደለም። ደግሞም ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ የመንጋጋ አጥንት ስለሚሟሽሽ ዛሬ ልክ የነበረው ነገ ይላላል። አለርጂ ነው የሚሉም አሉ። ጥርሱ ለሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ለአክሪሊክ፣ እውነተኛ አለርጂ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ላንቃ ሲቀላ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሳይወልቅ ባደረ ጥርስ ሥር የሚራባ ፈንገስ ነው። ስላመመ አውልቆ ሰንብቶ ሐኪም ዘንድ መሄድም አይጠቅምም፤ ቁስሉ ደርቆ የሚሞረደው ቦታ ይጠፋል። ከቀጠሮው በፊት አንድ ቀን ጥርሱን አድርጎ መዋል ምልክቱን ያሳያል።